ያዳነው ክሬሙ ነው ወይስ ጊዜው? የቆዳ መድኃኒት የሚፈተንበት መንገድ

በግንቦት 2017 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ የተሰበሰበው የዓለም ጤና ጉባኤ፣ የቆዳ በሽታዎች የዓለም የሕዝብ ጤና ጉዳይ ተብለው ቅድሚያ እንዲሰጣቸው የሚጠይቅ ውሳኔ አሳለፈ። የዓለም ጤና ድርጅት በየትኛውም ጊዜ 1.8 ቢሊዮን ያህል ሰዎች አንድ ዓይነት የቆዳ ችግር እንዳለባቸው ይገምታል። ቁጥሩ ሲታይ ውሳኔው የዘገየ እንጂ የቸኮለ አይመስልም።

በእኛ ዘንድ ግን ዜናው ብዙም አልተወራበትም። የሚወራው ሌላ ነው። ስልኩን የከፈተ ሰው «በክሊኒክ የተረጋገጠ» ቅባት፣ ማድያትን በሁለት ሳምንት የሚያጠፋ ክሬም፣ ሐኪም ያቃተውን ችፌ ከሥሩ የሚነቅል ዕፅ ያያል። ከማስታወቂያው ሥር የ«በፊት» እና የ«አሁን» ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይለጠፋል። አስተያየት ሰጪውም ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ «እኔን አድኖኛል» ይላል፣ ሌላው «ገንዘቤን በላኝ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያሉ ምስክርነቶች በሺህ ቢደመሩም መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን አይነግሩንም። ለምን እንደማይነግሩን መረዳት የቆዳ ሕክምና ምርምርን ግማሽ መንገድ መረዳት ነው።

ሁሉም ሰው ምስክር የሚሆንበት በሽታ

የጉበት ሕመም መሻሉን ለማወቅ የላቦራቶሪ ውጤት ይጠበቃል። የቆዳ ሕመም ግን ለታማሚውም ለጎረቤቱም ይታያል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ዓይን ቁስሉ መጥፋቱን ያያል እንጂ ያጠፋው ምን እንደሆነ አያይም።

ቁንጭርን እንውሰድ። በአገራችን ከፍታ ቦታዎች፣ በተለይ ገደልና ዋሻ ባለባቸው አካባቢዎች የሚገኝ፣ ብዙውን ጊዜ ፊት ላይ የሚወጣ ቁስል ነው። የሚያመጣው ሊሽማንያ ኤቲዮፒካ የተባለ፣ ስሙን ከኢትዮጵያ የወሰደ ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን ዋነኛ መጠለያው ሽኮኮ ነው። ሽኮኮን የነከሰች የአሸዋ ዝንብ ሰውንም ስትነክስ ተሕዋሱ ይተላለፋል። ቁስሉ አይቸኩልም። በብዙዎች ላይ ያለ ምንም ሕክምና ራሱ ይድናል፤ ነገር ግን ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል፣ ሲሄድም ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል። በአንዳንዶች ላይ ወደ አፍንጫና ወደ አፍ ውስጥ ይዘልቃል። በጥቂቶች ላይ ደግሞ በሰውነት ላይ ይሰራጫል፤ ይህ ዓይነቱ በራሱ አይድንም።

እንግዲህ አንዲት ታማሚ በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል አሰረችበት፣ በሁለተኛው ጸበል ሄደች፣ በሦስተኛው ጤና ጣቢያ የተሰጣትን ቅባት ተቀባች፣ በአራተኛው መጀመሪያ ላይም ቁስሉ ደረቀ እንበል። ምስጋናው ለማን ይደርሳል? አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ለተደረገው ነው። ቅባቱን ያዘዘው ባለሙያ ራሱ ከዚህ ስህተት ነጻ አይደለም፤ ቁስሉ ሲደርቅ እሱም አይቷላ።

በራሳቸው በማይድኑት በሽታዎች ላይም ማታለያው አይጠፋም፣ መልኩን ብቻ ይለውጣል። ችፌና ሶሪያሲስ (ቆዳን የሚያስቆጣና ቅርፊት የሚያበዛ ሕመም) ይመጣሉ ይሄዳሉ። ሰው ሐኪም ዘንድ የሚሄደው፣ አዲስ ክሬም የሚገዛው፣ ፎቶግራፍም የሚነሳው ሲብስበት ነው። ሕመም ጫፉ ላይ ከደረሰ በኋላ ያለው መንገድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቁልቁለት ነው። ስለዚህ በባሰበት ቀን የተጀመረ ማንኛውም ነገር ከሳምንታት በኋላ የሠራ ይመስላል። የ«በፊት» ፎቶግራፍ የተመረጠው በጣም አስቀያሚ ስለሆነ መሆኑን ማንም አይጠይቅም።

በዚህ ላይ ቅባቱ ራሱ አለ። በክሬም መልክ የሚቀርብ መድኃኒት በውስጡ ሁለት ነገር ይዟል፤ አንዱ ፈዋሽ የተባለው ንጥረ ነገር ነው፣ ሌላው እሱን የሚሸከመው ቅባት ነው። ተሸካሚው ቅባት ብቻውን ደረቅ ቆዳን ያለሰልሳል፣ ማሳከክን ይቀንሳል፣ ውኃ ከቆዳ እንዳይተን ያግዳል። ለብዙ ዓይነት ችፌ ተራ ቫዝሊን የሚሰጠው እፎይታ ቀላል አይደለም። አንድ ክሬም ሻጭ «ደንበኞቼ ተሻላቸው» ሲል ላይዋሽ ይችላል፤ የተሻላቸው ግን በቫዝሊን ዋጋ ሊገኝ በሚችል ነገር ሊሆን ይችላል።

ማነጻጸሪያ፣ ዕጣ፣ ስውርነት

ክሊኒካዊ ሙከራ የሚባለው አሠራር የተፈጠረው እነዚህን ማታለያዎች ለማስወገድ ነው። ዋናው ጡብ ማነጻጸሪያ ቡድን ነው፤ ይህም በሁሉም ነገር ከታከሙት ጋር የሚመሳሰል፣ የሚፈተነውን መድኃኒት ብቻ ያላገኘ ቡድን ነው። ይህ ቡድን የሚነግረን «ምንም ባናደርግ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» የሚለውን ነው። ማን ወደ የትኛው ቡድን እንደሚገባ የሚወስነው ዕጣ ነው። ምርጫው ለሐኪሙ ቢተው ሳያውቀውም ቢሆን ቀለል ያለ ሕመም ያለበትን ወደ ወደደው መድኃኒት ይልከዋል። ስውርነት የሚባለው ደግሞ ታማሚውም ውጤቱን የሚለካው ሰውም ማን ምን እንዳገኘ እንዳያውቁ ማድረግ ነው። ለዚህ ሲባል ማነጻጸሪያው ቡድን ፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት የሚመስል ነገር ግን ፈዋሽ ንጥረ ነገር የሌለው ክኒን፣ መርፌ ወይም ቅባት ይሰጠዋል።

የቆዳ ተመራማሪዎች ብዙ ሌሎች ተመራማሪዎች የሌላቸው አንድ ዘዴ አላቸው። ሁለት ክንዶቹ ላይ ተመሳሳይ ችፌ ያለበት ሰው በአንዱ ክንድ መድኃኒቱን፣ በሌላው ባዶውን ቅባት ይቀባል። ሰውየው የራሱ ማነጻጸሪያ ይሆናል፤ ዕድሜ፣ ምግብ፣ አየር ንብረት፣ የዘር ውርስ ሁሉ እኩል ናቸው። ሲሰሙት እንከን የሌለው ይመስላል። ግን መድኃኒት በቆዳ አልፎ ወደ ደም ሊገባና ሌላውን ክንድ ሊያሽል ይችላል፤ ማታ ላይ እንቅልፍ ያሸነፈው ሰውም የትኛው ቱቦ ለየትኛው ክንድ እንደሆነ ሊምታታበት ይችላል።

ማነጻጸሪያ ቁጥርን እንዴት እንደሚለውጥ ለማየት ዱፒሉማብ የተባለው የችፌ መርፌ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤታቸው ከታተመው ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች በአንዱ፣ በየሁለት ሳምንቱ መርፌውን ከወሰዱት ሰዎች 38 ከመቶዎቹ በ16 ሳምንት ውስጥ ቆዳቸው ጠርቷል ወይም ሊጠራ ተቃርቧል። ባዶ መርፌ ከተወጉት መካከል እዚህ ደረጃ የደረሱት 10 ከመቶ ነበሩ። የመድኃኒቱ ድርሻ እንግዲህ 38 ሳይሆን በሁለቱ መካከል ያለው 28 ነው። በሌላ በኩል መድኃኒቱን አግኝተው እዚያ ደረጃ ያልደረሱ 62 ከመቶ ሰዎች አሉ። «በጥናት የተረጋገጠ» የሚለው ሐረግ እነዚህን ሰዎች ይደብቃቸዋል። ከ«አድኖኛል» እና ከ«ገንዘቤን በላኝ» ባዮቹ ማናቸውም ሳይዋሹ የሚጣሉትም ለዚህ ነው፤ መድኃኒቱ ለተወሰኑት ሠርቷል፣ ለተቀሩት አልሠራም፣ ለጥቂቶቹ ደግሞ ጊዜ ያደረገውን እሱ አድርጎታል ተብሎ ተመስግኗል።

እከክና የፊጂ ደሴቶች

እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አይነሳም ይባላል። ሕክምናውም ለረጅም ጊዜ ከዚህ ብዙም አልራቀም ነበር፤ የታመመውን ሰው ለይቶ ቅባት መስጠት፣ ልብስና አንሶላ ማጠብ፣ ከቤተሰብ ሲመለስበት እንደገና መስጠት።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የፊጂ ጥናት ጥያቄውን ለውጦ ጠየቀ፤ የታመመውንም ያልታመመውንም፣ መላውን ማኅበረሰብ በአንድ ጊዜ ብናክምስ? ሦስት የደሴት ማኅበረሰቦች፣ በድምሩ 2,051 ሰዎች ተሳተፉ። በአንደኛው የታመሙትና ቅርብ ንክኪ ያላቸው ብቻ እንደተለመደው ፐርሜትሪን የተባለውን ቅባት አገኙ። በሁለተኛው ሁሉም ሰው ይህንኑ ቅባት ተቀባ። በሦስተኛው ሁሉም ሰው አይቨርሜክቲን የተባለውን ክኒን ዋጠ። ከአንድ ዓመት በኋላ በክኒኑ ቡድን የእከክ ስርጭት ከ32.1 ከመቶ ወደ 1.9 ከመቶ ወረደ። ሁሉም በተቀቡበት ከ41.7 ወደ 15.8 ቀነሰ።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ብዙ ሰው የሚዘለው ሦስተኛው ቁጥር ነው። እንደተለመደው በታከመው ማኅበረሰብም እከክ ከ36.6 ወደ 18.8 ከመቶ፣ ማለትም ወደ ግማሽ ገደማ ወርዷል። ማነጻጸሪያ ሳይኖር ጥናቱ በዚህ ማኅበረሰብ ብቻ ተካሂዶ ቢሆን ኖሮ «የተለመደው አሠራር እከክን በግማሽ ይቀንሳል፣ እንቀጥልበት» የሚል ሪፖርት ይጻፍ ነበር። ከሌሎቹ ጎን ሲቆም ግን ደካማነቱ ታየ።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በኤልኒኞ ምክንያት ድርቅ በገባበት በ2008 ዓ.ም. ገደማ በአማራ ክልል የእከክ ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር። ቤት ለቤት በተደረገው ልየታ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ታይተው ከሦስቱ አንዱ ገደማ እከክ ተገኘበት። ውኃ ሲጠፋ መታጠቢያ ይጠፋል፤ እህል ፍለጋ ሰው ሲጠጋጋ መዥገር መሰሏ የእከክ ተሕዋስ ከገላ ወደ ገላ ትሻገራለች። እንዲህ ባለ ጊዜ ታማሚን አንድ በአንድ ለይቶ በቅባት ማከም ምን ያህል እንደሚያስኬድ የፊጂው ንጽጽር ይናገራል። በእርግጥ ክኒኑም ገደብ አለበት፤ ለነፍሰ ጡሮችና ክብደታቸው ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ሕፃናት ስለማይሰጥ ለእነሱ ቅባቱ የግድ ነው። የአንዲት ደሴት ሕዝብ ከሌላው ተነጥሎ እንደሚኖር፣ የእኛ የገበያ ቀን ግን አሥር ቀበሌ እንደሚያገናኝም መዘንጋት የለበትም።

እዚህ ላይ ስለ አይቨርሜክቲን አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል፤ ሰዎች ስሙን የሚያውቁት ከኮቪድ ጊዜ ነውና። ያኔ «የተፈተነ መድኃኒት ነው» ተብሎ ብዙ ተወርቶለት ነበር። የተፈተነውስ እውነት ነው፤ የተፈተነው ግን ለእከክና ለትል ነው። ለኮቪድ ሲፈተን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ብራዚል ውስጥ 1,358 ታማሚዎችን ያሳተፈው ሙከራ ሆስፒታል መግባትን እንደማይቀንስ አሳየ። «መድኃኒቱ ይሠራል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለምን፣ ለማንና ለምን ያህል ጊዜ የሚሉትን ካልያዘ ጎዶሎ ነው።

ፊትን ለማቅላት የሚሸጡት ክሬሞች ጉዳይ ከዚህ ጋር ይገናኛል። በብዙዎቹ ውስጥ ክሎቤታሶልን የመሰለ ኃይለኛ ስቴሮይድ ይገኛል። ስቴሮይድ የቆዳን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት ሲሆን በትክክል የተጠና ነው፤ ሙከራዎቹ ግን ለሳምንታት፣ ለተወሰነ ሕመም፣ በተወሰነ የሰውነት ክፍል ላይ የተደረጉ ናቸው። ሰው ለዓመታት ፊቱ ላይ ሲቀባው ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮቹ ይወጣሉ፣ ቡጉር ይበዛበታል፤ ሲተወው ደግሞ ይቆጣበታል። ጭርት ያለበት ሰው ከተቀባው ማሳከኩ ወዲያው ይበርድለታል፣ ፈንገሱ ግን ከሥር ይስፋፋል። ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ጭርቱ መልኩን ስለቀየረ ለመለየት ያስቸግራል።

ሳሙናን መደበቅ አይቻልም፤ የምሥራቅ ጎጃሙ ሙከራ

ስለ ክሊኒካዊ ምርምር ሲወራ ሰው የሚያስበው አዲስ ሞለኪውል፣ ውድ መርፌ፣ ነጭ ጋውን ነው። ከኢትዮጵያ ከወጡት የቆዳ ሙከራዎች በእኔ ግምት ትልቁ ግን ስለ እግር መታጠብ ነው።

ፖዶኮኒዮሲስ በተለምዶ ዝሆኔ ከሚባሉት የእግር እብጠቶች አንዱ ነው። በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ የሚለየው ጥገኛ ትል የሌለበት በመሆኑ ነው። ከእሳተ ገሞራ አለት በመጣ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄዱ ሰዎችን ይይዛል፤ በኢትዮጵያ ለዓመታት የሠራው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው ከአፈሩ ጋር ያያያዘው። በአገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንዳሉበት ይገመታል። እብጠቱ ብቻ አይደለም መከራው። በየጊዜው እግሩ ይቆጣል፣ ይግላል፣ ትኩሳት ይመጣል፣ ገበሬው ለቀናት ይተኛል።

የእግር ንጽሕና እንደሚረዳ በጎ አድራጎት ማኅበራት ለዓመታት ሲናገሩ ነበር። ማነጻጸሪያ ግን አልነበራቸውም። በምሥራቅ ጎጃም የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ሙከራ 696 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ቡድን እግርን በሳሙናና በማጽጃ መታጠብን፣ ቅባትን፣ ፋሻን፣ የእግር እንቅስቃሴን፣ ካልሲና ጫማን ያካተተ ሕክምና ወዲያው ጀመረ። ሁለተኛው ከ12 ወራት በኋላ እንዲጀምር ተደረገ። በዓመቱ ውስጥ የመጀመሪያው ቡድን አባላት በአማካይ 19.4 ጊዜ፣ የሚጠብቁት ደግሞ 23.9 ጊዜ የመቆጣት ሕመም ደርሶባቸዋል።

ይህ ውጤት በሁለት መንገድ ይነበባል። ጎደሎውን የሚያዩ ሰዎች «ከአንድ ዓመት ልፋት በኋላም 19 ጊዜ መታመም ምን የሚሉት ስኬት ነው?» ይላሉ፤ ትችታቸውም መሠረት አለው። በዚያ ላይ ስውርነት አልነበረም፤ ክኒንን በባዶ ክኒን መተካት ይቻላል፣ ሳሙናን መደበቅ ግን አይቻልም። እንደታከመ የሚያውቅ ሰው ሕመሙን አቅልሎ ሊያይ ይችላል። ሌሎቹ ደግሞ በዓመት አራት ተኩል ያህል የሕመም ጊዜ መቅረት፣ በእያንዳንዱም ለሚቀሩት የሥራ ቀናት፣ በሳሙናና በጫማ ዋጋ ከተገኘ ርካሽ ነው ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ። ምክንያቴም ማነጻጸሪያው ቡድን ነው፤ በዓመት 23.9 ጊዜ መታመም ማለት በየሁለት ሳምንቱ መውደቅ ማለት ነው። ከሙከራው በፊት የእነዚህን ሰዎች ሕይወት እንዲህ በቁጥር ያሳየ ጥናት ብዙም አልነበረም።

ማስጠበቁስ ግፍ አይደለም? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያረፈው በወቅቱ ሕክምናው በመንግሥት ጤና አገልግሎት በስፋት የማይሰጥ በመሆኑ ላይ ነው፤ ማንም ያገኝ የነበረውን አልተነጠቀም፣ ተጠባባቂዎቹም በመጨረሻ አግኝተዋል። ይህ ክርክር የሚሠራው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መጥቀሙ ከታወቀ በኋላ ሌላ ቡድን እንደገና ለዓመት ይጠብቅ ቢባል ሥነ ምግባሩ አይፈቅድም።

የሚጠና በሽታና የማይጠና በሽታ

ለሶሪያሲስ ባለፉት ሃያ ዓመታት ከ10 የሚበልጡ ከሕያው ሕዋስ የሚመረቱ መርፌዎች ጸድቀዋል። ዛሬ ሙከራዎቹ «ከባዶ መርፌ ይሻላል ወይ?» ከሚለው አልፈው አንዱን ውድ መርፌ ከሌላው ውድ መርፌ ጋር ያወዳድራሉ።

ለቁንጭር ያለው ደግሞ ይኸውላችሁ። በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ20,000 እስከ 50,000 ሰዎች እንደሚያዙ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ግምት ያመለክታል፤ በጤና ተቋማት የሚመዘገበው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። መደበኛው መድኃኒት ለአራት ሳምንታት ያህል በየቀኑ የሚወጋ የአንቲሞኒ መርፌ ሲሆን ልብን፣ ቆሽትንና ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ለትንሽ ቁስል በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ አለ፤ ናይትሮጅኑ ባለበት። ሚልቴፎሲን የተባለው ክኒን ጎንደር ላይ ተሞክሮ ብዙዎች ተሽሏቸዋል፣ አንዳንዶቹም ተመልሶባቸዋል፤ ነገር ግን ጥናቱ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። ስለ ቁንጭር መሰል በሽታዎች በዓለም የተደረጉት አብዛኞቹ ሙከራዎች በመካከለኛው ምሥራቅና በላቲን አሜሪካ ባሉ ሌሎች የሊሽማንያ ዝርያዎች ላይ ናቸው። የእነዚያ ቁስል በወራት ውስጥ የሚድንበት አጋጣሚ ብዙ ነው፤ የእኛው በዓመታት ነው። ከዚያ የተገኘን ውጤት ወደዚህ መገልበጥ አያስተማምንም።

ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። የሶሪያሲስ ታማሚ የጤና መድን አለው፤ የቁንጭር ታማሚ ገደል ሥር ይኖራል። ኩባንያ ሙከራ የሚያካሂደው ሙከራው ያወጣውን ገንዘብ የሚመልስ ገበያ ሲኖር ነው። ገበያ በሌለበት የሚቀሩት መንግሥታት፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ለጋሾች ናቸው። በአዲስ አበባ በአለርት ግቢ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1970 ሲመሠረትም የኖርዌይና የስዊድን ሕፃናት አድን ድርጅቶች ገንዘብ ነበር ያቆመው።

አድልዎው መለኪያው ድረስ ይወርዳል። የሶሪያሲስ ክብደት ከ0 እስከ 72 በሚደርስ ነጥብ ይለካል፤ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ የቆዳው መቅላት ነው። በነጭ ቆዳ ላይ መቅላት ቀይ ሆኖ ይታያል። በጥቁር ቆዳ ላይ ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ሆኖ ይታያል፤ ያልለመደ ዓይን ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጠዋል። ከዚህም ሌላ የጠይም ሰው ሕመም ሲድን ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። መለኪያው «ድኗል» ብሎ ሲዘጋው ታማሚዋ ግን መስታወት ፊት ቆማ «ገና ነኝ» ትላለች።

ፈቃድ የሚባለው ነገር

በአዲስ አበባው ተቋም ስም የተዘከረው ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኘ ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። ብዙም የማይነገርለት ሌላው ታሪኩ ከስድስት ዓመት በኋላ የመጣ ነው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ለማሳየት ፈልጎ፣ ከአንድ ታማሚ ቁስል የወሰደውን ነገር ሳያስፈቅዳት በአንዲት ሴት ዓይን ላይ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1880 የበርገን ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አድርጎት ከሆስፒታል ሐኪምነቱ ተነሣ። የዚያ ዘመን ፍርድ ቤት ታዋቂውን ሳይንቲስት እንዲህ መቅጣቱ የሚያስደንቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን እንዲህ ሳይቀጡ የቀሩ አሉ። በፊላደልፊያ ሆልምስበርግ እስር ቤት ከ1951 እስከ 1974 (እ.ኤ.አ.) የቆዳ ሐኪሙ አልበርት ክሊግማን በእስረኞች፣ በአብዛኛው በጥቁሮች ላይ፣ ሽቶና ሳሙና ብቻ ሳይሆን መርዛማ ኬሚካሎችንም ሞክሯል። ከተማዋ ይቅርታ የጠየቀችው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው።

ዛሬ በኢትዮጵያ የመድኃኒት ሙከራ ከመጀመሩ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይመረምረዋል፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ይፈቅዳል። ተሳታፊው አውቆ መፍቀድ አለበት፤ ማንበብ የማይችል ከሆነ በምስክር ፊት ተነቦለት አሻራውን ያኖራል። ወረቀቱ ይሟላል። አስቸጋሪው ከወረቀቱ በስተጀርባ ያለው ነው። በወላይታ የፖዶኮኒዮሲስን የዘር ውርስ ለማጥናት የሄዱ ተመራማሪዎች ይህን አስቀድመው ጠይቀው ነበር። በአካባቢው በሽታው ያለበት ቤተሰብ ለጋብቻ አይፈለግም ነበር። «በሽታው በዘር ይተላለፍ እንደሆነ እያጠናን ነው» ብሎ እውነቱን መናገር፣ ፈቃድ ለማግኘት የግድ ቢሆንም፣ መገለሉን የሚያጠናክር ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ማብራሪያው ከአፈሩና ከጫማው ጭምር ተያይዞ እንዲነገር ተደረገ። ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2012 ሲታተም፣ 194 ታማሚዎችንና 203 ጤነኞችን አወዳድሮ፣ የመከላከያ ሥርዓትን በሚመሩ ዘረመሎች ላይ ለበሽታው የሚያጋልጥ ልዩነት እንዳለ አሳየ። ዘር ያጋልጣል፣ አፈር ያመጣል፣ ጫማ ይከላከላል፤ ሦስቱም በአንድ ጊዜ እውነት ናቸው።

ተመሳሳይ ክር በሥጋ ደዌ መከላከያም ላይ አለ። በባንግላዴሽ ከታማሚ ጋር ንክኪ ያላቸው 21,711 ሰዎች የተካተቱበት ሙከራ፣ አንድ ጊዜ የሚዋጥ ሪፋምፒሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አዲስ ሕመምን በ57 ከመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዲስ ታማሚዎች ለሚመዘገቡባት ኢትዮጵያ ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። ለጎረቤት ክኒን ማደል ግን ታማሚው ማን እንደሆነ ለሰፈሩ መንገር ነው። ደጋፊዎች መከላከል ይቀድማል ይላሉ። ሌሎች ታማሚው ሳይስማማ አይሆንም ይላሉ። የዕጣ ሙከራ ይህን ክርክር አይፈታም፤ የሚለካው ባክቴሪያውን እንጂ ሐሜቱን አይደለም።

ውሳኔው ምን ሊለውጥ ይችላል?

የጤና ጉባኤው ውሳኔ ማንንም አያስገድድም፣ የራሱ ካዝናም የለውም። ለሚኒስቴሮች በጀት ሲጠይቁ የሚያሳዩት ወረቀት፣ ለለጋሾችም የሚጠየቁበት ቃል ይሆናል። ከዚህ የሚጠቀሙት መጀመሪያ መፍትሔያቸው የታወቀው በሽታዎች ይሆናሉ፤ ለእከክ ክኒን መግዛት፣ ለፖዶኮኒዮሲስ ሳሙናና ጫማ ማዳረስ ሌላ ሙከራ አይፈልግም፣ አቅርቦት ነው የሚፈልገው።

ቁንጭር ግን ገና ጥያቄው ላይ ነው። የሚልቴፎሲንን ክኒን ከአንቲሞኒው መርፌ ጋር በዕጣ የሚያወዳድር በቂ ሙከራ ያስፈልገዋል፤ ይህም ከገንዘብ ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። ተመራማሪዎች በተስማሙበት መለኪያ፣ የቁንጭር ታማሚ ድኗል የሚባለው ሕክምና ከጀመረ በ90ኛው ቀን ቁስሉ ሙሉ በሙሉ በአዲስ ቆዳ ተሸፍኖ፣ በ180ኛው ቀንም ሳይመለስበት ሲገኝ ነው። በዚያ በ180ኛው ቀን ታማሚው ሆስፒታል ውስጥ አይደለም። አጨዳ ከደረሰ ማሳው ላይ ነው፣ ካልደረሰም ገደሉ ሥር ቤቱ ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ ሽኮኮዎቹ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ለመልስ ምርመራ ግማሽ ቀን በእግር፣ ግማሽ ቀን በአውቶቡስ መሄድ አለበት። ፊቱ ከዳነ መሄጃ ምክንያት አይታየውም፤ ካልዳነ ደግሞ ሆስፒታሉ አልረዳኝም ብሎ ይቀራል። የትራንስፖርት አበሉ በጥናቱ በጀት ውስጥ ካልተያዘ ከመዝገቡ ላይ የሚጠፉት ሰዎች ናቸው ውጤቱን የሚወስኑት።